የእህቴ ደም በማን ሚዛን

ወፍጮ ቤታችን ደጃፍ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ "እማማ አስካለ፣ አሜሪካ እንዴት ነው?" እያለ ሲይዘኝ፣ ለአንዱ ያልኩትን ለሌላው ስደግም ድምፄ ተዘጋ። ስለዚህ ጻፍኩት። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ያየሁትን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ደብረ ብርሃን ላይ የወፍጮ ቤት ሚዛን ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሚዛን አጋድሎ ሳይ ዝም ማለት አልችልበትም።

የሄድኩት ታናሽ እህቴን ተናኜን ለማየት ነው። ተናኜ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥታ ላስ ቬጋስ የገባች፣ የሆቴል አልጋ እያነጠፈች ልጅ አሳድጋ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ባሏ ካረፈ ቆይቷል። ትኬቱን የላከልኝ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገው ልጇ ዳዊት ነው። "እማዬ በጣም ናፍቀዋታል፣ በቶሎ ይምጡ" አለኝ በስልክ። ናፍቆቱስ የቆየ ነው። ጥድፊያው ግን አልገባኝም።

ማክሰኞ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነሳሁ። ሻንጣዬ ውስጥ በሶ፣ በርበሬና የአገራችን የሱፍ ብርድ ልብስ አለ። ቦሌ ያደረሰኝ ልጄ ብርድ ልብሱን ሲያይ "እማዬ፣ እዚያ እኮ በረሃ ነው" አለኝ። "ስጦታ ነው፣ አንተን ልበሰው አላልኩህም" ብዬ ዘጋሁት።

አውሮፕላኑ ላይ የቸገረኝ ጾሙ ነው። የተሳፈርኩት ማክሰኞ ማታ ነው። እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ አስተናጋጇ ዶሮ ይዛ ቆማለች። "ረቡዕ ገብቷል?" አልኳት። "የት አገር፣ እማማ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከበታቻችን ያለው ባሕር ነው፣ የማንም አገር አይደለም። ለማንኛውም ብዬ ዳቦዋን ብቻ በላሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የእኔንም ዶሮ ደርቦ በላ፤ እሱ ማክሰኞ ላይ ነበር።

ዋሽንግተን ላይ ሻንጣዬን ከፍተው በሶውን አገኙት። አንዱ ዱቄቱን አየ፣ ሌላውን ጠራ፣ ሌላውም ሦስተኛ ጠራ። ቋንቋቸውን አላውቅም፣ ጥርጣሬን ግን በየትኛውም ቋንቋ አውቀዋለሁ። ከያዝኩት ውኃ ጠብ አድርጌ በመዳፌ ጨበጥ ጨበጥ አደረግኩና ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ጎረስኩት። ለአንደኛዋም ዘረጋሁላት። አልቀመሰችም፣ ግን ሳቀችና ሻንጣዬን ራሷ ዘጋችልኝ። ብርድ ልብሱን ለማስገባት ጉልበቷን ተጠቅማለች፤ እግዜር ይስጣት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ላስ ቬጋስ ገባሁ። ከአውሮፕላን ወርደው ገና ሻንጣቸውን ሳይወስዱ የቁማር ማሽን ላይ የተቀመጡ ሰዎች አየሁ። አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ማሽኑን እንደ ላም ስትዳብስ ነበር። ተናኜ መውጫው በር ጋ ትጠብቀኛለች። አቀፈችኝ፣ ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ "ደህና ነሽ እትዬ? በእውነት ደህና ነሽ?" አለችኝ። "ምን እሆናለሁ፣ ይኸው" አልኳት። አሁንም አሁንም ክንዴን ትነካለች። መንገዱ ያደከመኝ መስሏት ነው ብዬ ተውኩት።

በሩ ሲከፈት የተቀበለኝ አየር የዳቦ ቤት ምድጃ አየር ነው። ደብረ ብርሃን በሐምሌ ሁለት ጋቢ ደርበን እንቀመጣለን፤ እዚያ በሐምሌ የመኪናው በር እጅ ያቃጥላል። ዳዊት እየነዳ፣ እናቱ ከኋላ ተቀምጣ፣ ኢንስፒራዳ ወደሚባለው ሰፈሩ ወሰዱኝ።

"መኪናሽስ፣ ተናኜ? በመኪናሽ ትቀበይኛለሽ ብዬ" አልኳት።

"ተበላሽታለች አሉኝ።"

"አሉኝ ማለት ምንድን ነው? መኪናው የአንቺ አይደል?"

ዳዊት ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

ቤቶቹ ከአንድ ካርቶን እንደወጡ ሳሙናዎች አንድ መልክ ናቸው። መንገድ ላይ ሰው የለም፤ ብወድቅ የሚያነሳኝ ማን ነው ብዬ አሰብኩ። ቤቱ ውስጥ ግን ሩት አለች። የዳዊት ሚስት ናት፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ታድላለች። እሷ ጴንጤ ናት፣ ረቡዕና ዓርብ አትጾምም፤ ለእኔ ግን ሽሮና ጎመን ለብቻ በአዲስ ድስት ሠርታ ጠበቀችኝ። "ድስቱ ቅቤ ነክቶት አያውቅም እማማ፣ ዛሬ ነው የተገዛው" አለችኝ። በዚያች ሰዓት ወደድኳት።

ብርድ ልብሱ ሲወጣ ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው ግን አንድ ቀን አልዘለቀም። ቤቱን በማሽን ስለሚያቀዘቅዙት ውስጡ የእኛን ጥር ያስንቃል። ጠዋት ስነሳ ሩት ከሺፍት ተመልሳ ሶፋው ላይ በብርድ ልብሴ ተጠቅልላ ተኝታለች። ጫፉን ሳብ አድርጌ እግሯን አለበስኳት።

ሐሙስ ወደ ተናኜ ቤት ሄድን። ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባል መንገድ አጠገብ ያለች ትንሽ አፓርትመንት ናት፣ ግን ከደረጃው ሥር ሱቁ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ ሁሉም አለ። ተናኜ ይህን ሁሉ ሰው በስሙ ትጠራዋለች። መኪናዋ ከመበላሸቷ በፊት ቅዳሜና እሑድ መንጃ ፈቃድ የሌላቸውን አሮጊቶች ቤተ ክርስቲያን የምታደርስ፣ በአዘቦት ቀን ሐኪም ቤት የምትወስድ እሷ ናት። "አሁን ማን ይወስዳቸዋል?" ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች።

ከሰዓት በኋላ ሰው ገባ። ሁሉም በሳህን ምግብ ሸፍኖ ይዟል። ሁሉም ቀስ ብሎ ያወራል። ጓደኛዋ አልማዝ ተናኜ ፊት ቁጭ ብላ፣ ለደንቆሮ እንደሚነገር፣ "ተ-ና-ኜ! እኔ ማን ነኝ?" አለቻት።

"ምን ነካሽ፣ አልማዝ ነሽ" አለች ተናኜ። "ካልመሰለሽ መታወቂያሽን አውጪና እዪ።"

እኔ ሳቅኩ። ሌላ የሳቀ የለም። አልማዝ እንዲያውም ዓይኗን ጠረገች። ቤቱ የለቅሶ ቤት ይሸታል፤ የሞተ ሰው ግን የለም።

ዓርብ ጠዋት ኢንስፒራዳ ልብስ ማጠቢያውን ስፈልግ ጋራዥ የሚሉትን ክፍል ከፈትኩ። እኛ አገር ጋራዥ የተበላሸ መኪና የሚጠገንበት ነው። እነሱ ደህናውን ነው የሚያሳድሩበት። መስቀል መስተዋቷ ላይ የተንጠለጠለባት ቀይ ትንሽ መኪና ቆማለች። በፎቶ አውቃታለሁ፤ የተናኜ ናት። ዳዊትን ጠራሁት።

"ምኗ ነው የተበላሸው?"

 ትልቅ ሰው ነው፣ ራሱ ላይ ሽበት ጀምሮታል፤ እፊቴ ግን እንደ ልጅ ጣቱን ያፍተለትላል።

"መኪናዋ ሰላም ናት እማማ። እማዬ ናት።" ከዚያ በሩን ዘግቶ ነገረኝ። አማርኛው እንዲህ ነው፦ "ሜሞሪ ቼክ የሚያደርጉ ቦታ አለ፣ ለትልልቅ ሰዎች። እዛ ወሰድኳት። ደም ወሰዱ። ደም ውስጥ አንድ ፕሮቲን አለ፣ ብሬን የሚያሳድግ፣ እንደ ማዳበሪያ። የእሷ ሎው፣ ዝቅ ያለ፣ ነው አሉኝ።"

"ተናኜ ምን አለች?"

"አልነገርኳትም። ትራንስሌት የማደርገው እኔ ነኝ። 'ሁሉም ደህና ነው' አልኳት።"

"እና ማን ነው የሚነግራት?"

መሬት መሬት አየ። "እርስዎ። እነ አልማዝን ጠየቅኳቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር በታላቅ ሰው ነው የሚነገረው አሉኝ። ነገ ጠዋት በሌሊት እነሱም ይመጣሉ። እርስዎ ይነግሯታል። ከዛ አፓርትመንቱን ትለቃለች፣ እዚህ ሩም አዘጋጅተናል፣ መኪናዋን እንሸጣለን።"

ለካ ያን ሁሉ ባሕር የተሻገርኩት ለመርዶ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ ወጉን ያውቀዋል። ሰው ሲሞትብን ለዘመድ በድንገት አንነግርም። ሽማግሌ ሰብስበን፣ ማለዳ ሄደን፣ ከበን ነው የምናረዳው። መልካም ወግ ነው፣ እኔም ስንቱን አርድቻለሁ። ዳዊት አማርኛው ተሰባብሮ ይህ ወግ ግን ሳይሰበር ደርሶታል። የሞተ ሰው በሌለበት፣ ለባለቤቷ ስለ ራሷ ደም ሊያረዳት!

"ስማኝ" አልኩት። "ደሙ የእሷ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እሷ ሳታውቅ አንዲት ሌሊት አታድርም።"

"እማማ ፕሊስ፣ እስከ ነገ—"

"እስከ ምሳ።"

ምሳ ላይ፣ ዳዊት ተናኜን ከቤቷ አምጥቷት፣ እሱና ሩት ባሉበት፣ ምስሩ ቀርቦ ነገርኳት። ሳልጨምር ሳልቀንስ። ተናኜ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችና መጀመሪያ ያለችው ይህን ነው፦ "እኔ እኮ አንቺ የሞትሽ መስሎኝ ነበር! ሁሉም እኔን ሲያይ ይተክዛል፣ ምግብ ያመላልሳል። ከአገር ቤት መርዶ ደብቀውኛል፣ እትዬ ናት ብዬ አንጀቴ ቆስሎ ሰነበተ። ትመጣለች ሲሉኝ እንኳ አላመንኩም፤ ኤርፖርት ላይ እስክነካሽ ድረስ።"

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "አንተ ልጅ፣ እኔ ሱዳን በረሃ በእግሬ ያለፍኩ ሰው ነኝ። አንድ ቃል መስማት ያቅታታል ብለህ ነው?" ዳዊት ሊያቅፋት ተነሳ፤ "ቁጭ በል" አለችው።

ቁጣው አለፈና ሳህን ስናጥብ ግን ወደ እኔ ጠጋ አለች። "እትዬ፣ ጭንቅላቴ እየሄደ ነው እንዴ? ባለፈው ሽሮ ላይ ጨው ረስቻለሁ። የአልማዝን ሴት ልጅ ስምም እንዲሁ ጠፍቶብኝ ነበር።"  ብቻዋን የኖረችበት ቤት፣ መኪናዋ፣ የሚጠብቋት አሮጊቶች፣ ሁሉም በዚያች መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኔ ደግሞ ለማጽናናት ብዬ መዋሸት አልፈለግኩም፤ የዋሿትማ አሉ። "አላውቅም" አልኳት። "የሚያውቀውን አብረን እንጠይቃለን።"

ቅዳሜ ማለዳ ለካ ዳዊት ለሰዎቹ መርዶው ቀርቷል ማለትን ፈርቶ ኖሯል። አልማዝ ከአምስት ሰው ጋር ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ የዳዊትን ቤት ደወል ደወለች። በሩን የከፈተችው ከእኔ ጋር እዚያው ያደረችው ተናኜ ናት፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ። "ማን ሞተ?" አለቻቸው። እርስ በርስ ተያዩ። "ማንም ካልሞተ ግቡ፣ ቁርስ ደርሷል።" በበሶ ጀምረን በሳቅ ጨረስን። አልማዝ ግን ነጠላዋን ማቅናት ረስታ እንደተዘቀዘቀ ወደ ቤቷ ሄደች። ተናኜ ከመስኮት እያየቻት "ደሟን መመርመር ያለባትስ እሷ ናት" አለች።

በዚያው ማታ መብራቱን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ብዙ አልልበትም፤ ይበራል። አንድ ሆቴል ፊት ውኃ በሙዚቃ ወደ ሰማይ ሲዘል አየሁ። በበረሃ መካከል! እኛ ዝናብ በማያጣው አገር ውኃ በፈረቃ ጀሪካን ይዘን እንጠብቃለን። ይህ ፍትሕ ነው? ብዬ ጠየቅኩ። ዳዊት "ውኃው ያው ነው እማማ፣ ተመልሶ ይዞራል" አለኝ። "የእኛ ደግሞ ዞሮም አይመጣም" አልኩት።

ሰኞ ወደ ምርመራው ቦታ ሄድን። አስተርጓሚዋ ሩት እንድትሆን ያልኩት እኔ ነኝ። "ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ" አልኳት። "ካርታ ማደል ላይ ብሸፍን ያባርሩኛል እማማ" አለችኝ። ሐኪሟ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ እኛን ስታይ ከወንበሯ ተነስታ የተቀበለችን ሴት ናት።

ተናኜ ጠየቀች፤ "የእኔ አነሰ የተባለው ከማን አንሶ ነው?"

ሐኪሟ ፈገግ ብላ ለሩት ረዘም አድርጋ ተናገረች። ሩት እንዲህ አለችን፦ "ፕሮቲኑ የአንጎል ሴሎችን የሚመግብ፣ እንዲያድጉ የሚረዳ ነው። ደም ውስጥ ያለው መጠን ግን ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል ትላለች። ለምን እንደሚለያይ ገና ተከራክረው አልጨረሱም። በዘር የሚመጣ አለ፣ ምግብም፣ እንቅልፍም፣ የሰውነት እንቅስቃሴም ይለውጠዋል። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ምን ያህል እንደቆየ እንኳ ይለውጠዋል። እዚህ የያዙት ማነጻጸሪያ ከሌላ አገር ሰዎች ደም የተሠራ ነው፤ ከእኛ አገር ሰው የለበትም ማለት ይቻላል።"

"የገብስ ቁና ከጤፍ ቁና ጋር ቢመዘን ይቀላል" አልኩ። "ገብሱ ጎደለ አይባልም።"

ሩት ተረጎመችላት። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ዳዊት አየች። "እሱንም ያኔ ነግሬዋለሁ ትላለች" አለች ሩት። "'ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ስለ ማስታወስ ምንም አይናገርም' ብዬው ነበር ትላለች። የማስታወስ ፈተናውንም እማዬ በደንብ አልፋዋለች። በየዓመቱ ትምጣ፣ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም። መኪና አትንዳ ያለ ሰው የለም።"

ሁላችንም ዳዊትን አየነው። ጆሮው ቀላ። "'ሎው' ካለች በኋላ ያለውን አልሰማሁም" አለ በቀስታ። ተናኜ ልትቆጣ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ልጅ ለእናቱ ሲደነግጥ ጆሮው እንደሚደፈን እሷም እናት ናትና ታውቃለች።

እኔ ግን አልጨረስኩም። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። "በይ ንገሪያት፣ የአንድ እናት ልጆች ነን። የእኔም ይቀዳ።" ሐኪሟ ሳቀች፤ የሁለት ሰው ደም መለኪያ አይሆንም፣ ብዙ ሰው ያስፈልጋል፣ ቢመጡልን ግን ደስ ይለናል አለች። ደሜን ሰጥቼ ወጣሁ፣ የማመጣላትን ሰው እያሰብኩ።

በተከታዩ እሑድ ማለዳ ከተናኜ ጋር ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ከዚያ ከሩት ጋር ወደ እሷ ቸርች ሄድኩ። ሁለቱም ጋ አንድ ነገር ነው የተናገርኩት፦ "በሌላ ሰው ቁና እየተሰፈርን ነው፤ የራሳችንን እንሥራ።" እኛ ጋ አንድ አባት ባረኩኝ። እዚያ ደግሞ አጨበጨቡልኝ፤ በቤተ ክርስቲያን ሲጨበጨብልኝ የመጀመሪያዬ ነውና ማፈሬ አልቀረም።

ሐሙስ ጠዋት ከሁለቱም ወገን አዛውንቶች መጡ። ባዶ ሆዳችሁን ኑ ተብለው ነበር፤ የእኛዎቹ "ይሄ ነው ከባዱ?" ብለው ተሳሳቁ። መጀመሪያ ግድግዳ ይዘው ለየብቻ ቆሙ። እኔ ደግሞ ወፍጮ ቤት የለመድኩትን አደረግኩ፤ በሃይማኖት ሳይሆን በመጡበት ቅደም ተከተል አሰለፍኳቸው። አንዲት ወይዘሮ በጎን ልታልፍ ሞከረች።

"እኔ እኮ የፓስተሩ እናት ነኝ" አለችኝ።

"ያኑርልዎት። ወረፋዎ ከአልማዝ ኋላ ነው።"

ከአልማዝ ኋላ ቆማ፣ መርፌ ትፈራ ስለነበር፣ ተራዋ ሲደርስ የያዘችው የአልማዝን እጅ ነው። ነርሷ በየተራ ጭማቂ ሰጠቻቸው። የሁላቸው ውጤት ተሰብስቦ መልስ እስኪሆን ብዙ ጊዜ ይፈጃል ተባልን። ይፍጅ፤ መጀመሩ ነው ቁም ነገሩ።

ልመለስ ጥቂት ሲቀረኝ የእኔ ቁጥር በስልክ መጣ። ሩት ሥራ ላይ ስለነበረች ተርጓሚው ዳዊት ሆነ። ሰማ፣ አመሰገነ፣ ስልኩን ዘጋ።

"ሁሉም ደህ—" ብሎ ጀመረ። ቆመ። ትንፋሹን ሰበሰበ። "እማማ፣ የእርስዎ ከእማዬም ያንሳል። ብቻውን ምንም አይናገርም ብለዋል። እስከ መጨረሻ ሰምቻለሁ።"

ተናኜ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እትዬን ሎው ካሏት እኛማ የለንም!" እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ዳዊት ኪሱን ፈትሾ የቀይዋን መኪና ቁልፍ ምንም ሳይናገር እናቱ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

የመሄጃዬ ቀን መሪውን የጨበጠችው ተናኜ ናት። እኔ ከጎኗ፣ ዳዊት ከኋላ፣ ቀበቶውን ጥብቅ አድርጎ። ብርድ ልብሱን ለሩት ትቼላታለሁ። ተናኜ ስለ ልጅነታችን እያወራች፣ ያወራችውም አንድ ሳይጎድል ልክ ሆኖ፣ ወደ ኤርፖርት የሚያስገባውን መታጠፊያ አለፈችው።

ወሬዋ ተቋረጠ። ተናኜ መሪውን አጥብቃ ያዘች። ከኋላ ዳዊት ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። ዞሬ አየሁት፣ ሚዛን ላይ ያለ ጆንያውን በእጁ ሊያቀል የዳዳውን ደንበኛ እንደማየው።

"እኔም ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የምስተው" አለ። "ሩትም ትስተዋለች።"

ተናኜ በመስተዋቱ አየችውና ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች። ዞራ መጥታ በሁለተኛው ዙር ገባች።